መብራት የያዘው እጅ

ያን ዕለት ጠዋት ከሌላው ጠዋት የሚለይበት ነገር አልነበረም። ተነስቼ ሬዲዮ ከፈትኩ። ውሃ አፍልቼ ሻይ ጠጣሁ። የተኛሁበትን የአልጋውን ጎን አነጠፍኩ፤ ሌላው ጎን ስላልተነካ ማንጠፍ አያስፈልገውም። ሹራብ ደርቤ ፒያሳ ሄድኩና የኮሌጁን ሰርቪስ ጠበቅኩ። ደሴን ጉም ሸፍኗት ስለነበር አውቶቡሱ አጠገባችን እስኪቆም ድረስ የሚታየን መብራቱ ብቻ ነበር።

ሒሳብ የምታስተምረው ወንጌላዊት አጠገቤ ተቀመጠች።

«እረፍት እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«አንቺስ ታድለሽ። እኔ በሁለት ልጆች መሀል እረፍት የሚባል ነገር ያየሁት በሕልሜ ነው። ሥራ ተጀመረ ብዬ ደስ ሲለኝ እግዜርም ታዝቦኛል» አለችና ሹራቧን እስከ ጆሮዋ ስባ ተኛች።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ጉሙ ከኋላችን ሲቀር ነቃች። ሞቃቷ ኮምቦልቻ ስንገባ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ሹራባችንን አውልቀን ጉልበታችን ላይ አድርገን ነበር።

የ2005 ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሚጀመርበት ቀን ነው። ወደ ቢሮዬ ከመግባቴ በፊት ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ አመራሁ። እዚያ የምፈልገው ነገር ነበረኝ። ምን እንደነበረ እንዲገባ ስለ ሥራዬ ጥቂት ማስረዳት አለብኝ።

ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚከታተል ፎቶግራፍ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ እንዳለ ቢቀመጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ብቻውን ዲስክ ይሞላል። ስለዚህ ኮዴክ የሚባል ፕሮግራም አለ። ኮዴክ አንዱን ፎቶ ከቀደመው ጋር ያስተያይና የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል፤ ያልተለወጠውን «እንደ በፊቱ» ብሎ ያልፈዋል። ይህን የመጭመቅ ሥራ የሚሠራውን ክፍል ኢንኮደር እንለዋለን። ጥሩ ኢንኮደር ምን መተው እንዳለበት የሚያውቅ ነው። ማስቀመጥማ ማንም ያስቀምጣል።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አቶ አግማስ ትምህርቶቻችንን ቀርፀን ወደ ኩታበርና ወደ ሌሎች ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች እንድንልክ ፈልገው ነበር። የኢንተርኔት መስመሩ ቀርፋፋ ነው። መብራት ሲጠፋ የተጀመረው ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይላካል። ፋይሎቹ ማነስ ነበረባቸው፤ ያን የማድረጉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ማንም ሊቀይረው የሚችል፣ በነፃ የሚገኝ ኢንኮደር ወስጄ ጠባዩን ማረም ጀመርኩ።

ችግሩ ጨለማው ነበር። ክፍሎቻችን መብራታቸው ደካማ፣ ካሜራችንም ርካሽ ነው። እንዲህ ያለ ካሜራ በጨለማ ሲቀርፅ ምስሉ ላይ እንደ አሸዋ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ያመጣል። ኢንኮደሩ እያንዳንዱን ነጠብጣብ አዲስ ነገር የመጣ እየመሰለው ይጽፈዋል። መምህሩ ቆሞ፣ ሰሌዳው ቆሞ፣ ፋይሉ ያብጣል። ስለዚህ ነጠብጣብን ከእውነተኛ እንቅስቃሴ እንዲለይ ማስተማር ነበረብኝ። ብዙ ሞክሬ አንድ ደንብ አገኘሁ፤ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ወዲያው የሚመለስ ነገር ነጠብጣብ ነው፣ ይተው። ሄዶ የሚቀር ነገር እንቅስቃሴ ነው፣ ይጻፍ።

ደንቡን የምፈትንበት ጨለማ ያለበት ቁራጭ ቪዲዮ ያስፈልገኝ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም።

ባለቤቴ እንየው የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበር። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ነበረችው። ሲቀርፅ የኖረ ሰው ራሱ አይቀረፅም። በራሳችን ሰርግ ላይ እንኳ ቪዲዮ አልነበረንም። «ሌላ ሰው እየቀረፀኝ ዝም ብዬ አልቆምም፤ ሙሽርነቴን ትቼ ካሜራውን ነው የምቀማው» ብሎ አስቀርቶታል። ሲሞት ፎቶዎች ቀሩኝ። ሲራመድ፣ ሲዞር፣ ሲናገር የሚታይበት ግን ምንም አልነበረም። ከአንድ ቦታ በቀር። ያ ቦታ ትዝ ያለኝ ከሞተ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው።

በደሴ ሙስሊም ቤቶች ሰርግ ላይ ሴቶቹ የሚጨፍሩበት ክፍል ወንድ ቀራጭ አይገባም። እንየው ውጭ ያለውን ሲቀርፅ የሴቶቹን ክፍል የምቀርፀው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜና እሁድ መምህርነቱን ትቼ ካሜራ እሸከማለሁ። የዚያ ክፍል ካሴት የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ለቤተሰቡ በሲዲ ከተገለበጠ በኋላ ዋናው ካሴት ለሙሽራዋ እናት በእጅ ይሰጣል። ስቱዲዮው ውስጥ ቅጂ አይቀርም። እንየው ይህን አንድም ቀን አላፈረሰም፤ ሰዉም እሱን የሚመርጠው ለዚህ ነበር።

የነጋዴው የባሽር ልጅ ኡመይማ ስታገባ፣ ሴቶቹ ክፍል ውስጥ ጭፈራው በደራበት ሰዓት መብራት ጠፋ። ጩኸትና ሳቅ ሆነ። እንየው በባትሪ የሚሠራውን መብራት ይዞ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ፤ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ መብራቱን በቀኝ እጁ ወደ ኋላ ዘረጋው። እኔ ካሜራውን ወደ በሩ አዙሬ ነበር። መብራቱ እስኪስተካከል ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ያለፈ ጊዜ ቀረፅኩት።

«እንየው!» አለች ከጨለማው አንዷ። «ዞር ብለህ ካየህ ዓይንህ ይጠፋል!»

«እኔ የራሴን ሚስት አይቼ መች ጠገብኩና ነው እናንተን የማይ» አላት ኮሪደሩን እያየ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

«አታወዛውዘው፣ ዝም ብለህ ያዘው» አልኩት እኔ።

«ይዣለሁ እኮ፣ ሰርኬ!» አለና ሳቀ። ሲስቅ አንገቱን ትንሽ አዘነበለ፤ የጉንጩ ጠርዝ ታየ።

ይህ ብቻ ነው።

ወደ ወይዘሮ ሸፊቃ፣ ወደ ኡመይማ እናት የሄድኩት ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። ሱቃቸው ውስጥ በጨርቅ ጥቅሎች መሀል ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ጠፋሽ! ሰው እንዲህ ይጠፋል? ግቢ፣ ግቢ። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ ሸፊቃ። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴ ነው እንጂ ምላሴስ ደህና ነው።»

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ስጨርስ ከዓይናቸው ላይ አንድ ነገር እንደሚጠርጉ ሆነው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«እንየው ጨዋ ልጅ ነበር። አላህ ይማረው። ካሴቱ አለ። ግን ወላሂ፣ ላቃጥለው ነበር። የጎረቤታችንን ልጅ አልሰማሽም? በሰርጓ የጨፈረችው ከስልክ ስልክ እየዞረ ደሴ ሙሉ አየው። ባሏ ቤት አላስገባትም ብሎ ስንት ሽማግሌ ተላከ! ባሽርም በቤቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቀመጥ ብሎ ሲዲውን ሰባብሮታል።»

«እኔ የምፈልገው በሩን ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሴት አይታይም። ቆርጬ ወስጄ ካሴቱን እመልስልዎታለሁ።»

«አማና ነው?»

«አማና ነው።»

ከውስጥ ቤት አምጥተው ሰጡኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ። ካሴቱን ይዤ ወጣሁ።

የካሴቱን ካሜራ የሚቀበል መሰኪያ ያለው ኮሌጁ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ተማሪዎች በሌሉበት ሰዓት ገብቼ በሩ የሚታይበትን ቁራጭ ብቻ ገለበጥኩ። ካሴቱን በማግስቱ መለስኩ። ወይዘሮ ሸፊቃ ከጓሮ ከሰል አያይዘው ጠበቁኝ። ፕላስቲኩን ሰብረን ጥቁሩን ክር አብረን ስበን አወጣነው፤ ለማመን የሚከብድ ርዝመት ነበረው። እሳት ውስጥ ሲገባ ተጨማድዶ ይሸታል።

«አሁን ሁለታችንም እናርፋለን» አሉ፤ ጢሱን በነጠላቸው እየተከላከሉ።

ቁራጩን በትልቅ ስክሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። በሰርጉ ዕለት በካሜራዋ ትንሽ መስኮት ያላየሁትን አየሁ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ብዙ አይደለም። መብራቱ ትንሽ ወደ ላይ ይልና ይመለሳል፤ እንደገና ይልና ይመለሳል። ግድግዳው ላይ የወደቀው የበሩ ጥላም አብሮት ይርዳል። «አታወዛውዘው» ያልኩት ለዚህ ነበር። የቸኮለ መስሎኝ ነበር።

እንየውን በኋላ ለገደለው በሽታ አዲስ አበባ የወሰድኩት ጊዜ ሐኪሙ «በሽታው ከእጅ ነው የሚጀምረው፤ መንቀጥቀጡን መቼ አያችሁ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። እንየው ቀድሞኝ «ዘንድሮ ነው» አለ። እኔም ዘንድሮ ነው አልኩ። የኡመይማ ሰርግ ከዚያ ሁለት ዓመት ይቀድማል። ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ክንዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ እየታገለ፣ «ይዣለሁ እኮ» ብሎ ሲስቅ ከእኔ እየደበቀ ነበር? ቁራጩን ደጋግሜ የማየው ለዚህ ነበር። አንዳንድ ቀን ሳቁ የሚያውቅ ሰው ሳቅ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን አይመስለኝም። የጣቶቹን አጨባበጥ፣ መንቀጥቀጡ ከሳቁ በፊት ይበረታ እንደሆነ፣ ሲናገር ይቀንስ እንደሆነ እመለከት ነበር። ሊነግረኝ የሚችል የቀረ ነገር ያ ብቻ ነበር።

ጥሬውን፣ ያልተጨመቀውን ፋይል ቤቴ መውሰድ አልፈለግኩም። ቤት ቢኖር ሌላ ነገር እንደማልሠራ አውቅ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ ሥራ ነው፤ ሰው ቢገባ «ሙከራ ላይ ነኝ» እላለሁ፤ ሰዓት ሲደርስ ሰርቪስ ይሄዳል። ስለዚህ የፈተና ቁራጭ አደረግኩት። ጨለማ አለው፣ ነጠብጣብ አለው፣ ከቆመ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው አለው። ከዚያ የተሻለ ፈተና አይገኝም ነበር።

ደንቡ ሠራ። ኢንኮደሩ የሚያወጣው ፋይል ከቀድሞው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ከጥሬው ጋር ሲለካ የሚታየው ልዩነት ደግሞ ኢምንት ነው። በኮምቦልቻ ሙቀት መሀል ነፋስ የነፈሰ ያህል ነበር፤ አቶ አግማስ በስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ። ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ስንበተን የመጨረሻውን ውጤት ስልኬ ላይ ጫንኩት። ጥሬውን ስልክ አያጫውተውም። እረፍቱን ያለ እሱ ማሳለፍ ስላልቻልኩ ነው። በስልኩ ስክሪን ላይ እንየው የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። አንገቱን አይ ነበር፣ ሳቁን እሰማ ነበር። ከዚያ በላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ኮምፒውተር ክፍሉን የሚጠብቀው ባለሙያ ደምለው ይባላል። ያን ዕለት ጠዋት ስደርስ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ።

«ሰርኬ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ቫይረስ የሚባል ነገር ከዚህ ክፍል ነቅዬ ጣልኩልሽ። አንድም አልተረፈም። ገብተሽ እዪው፣ ልክ ከካርቶን እንደወጣ ነው።»

በየእረፍቱ ኮምፒውተሮቹን ፎርማት ማድረግ የተለመደ ነው። ተማሪዎች በፍላሽ የሚያመጡት ቫይረስ ያለዚያ አይለቅም። የሚጠፋው ግን ሁልጊዜ ሲ የሚባለው የዲስኩ ክፍል ነው። ዲ አይነካም። ኮሌጁ ውስጥ ከዲኑ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ድረስ ሁሉም ሰው የሚፈልገውን ዲ ላይ ያስቀምጣል፤ «ዲ ላይ አድርገው» ማለት እኛ ዘንድ «ቆልፍበት» እንደማለት ነው። ጥሬው ቁራጭም ዲ ላይ ነበር።

«ዲስ?» አልኩት።

«ዲም ጸድቷል! አሁን እንደ ድሮው አይደለም እኮ። አንዱን ኮምፒውተር አጽድቼ አዘጋጀሁና የእሱን ግልባጭ በሁሉም ላይ ዘረገፍኩት። ዲስኩ እንዳለ ነው የሚተካው። ስንት ቀን የሚፈጀውን ሥራ ምሳ ሳልበላ ጨረስኩት።»

«ሳትናገር?»

«ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ፤ ያውና» አለ በሩን እያሳየኝ። ለጥፎ ነበር። የለጠፈው ሁላችንም ለእረፍት ከወጣን በኋላ ነው።

ፊቴን አይቶ ፈገግታው ጠፋ። «ምን ነበረሽ?»

«የሙከራ ቁራጭ።»

«ኤዲያ! እኔ ደግሞ የተማሪ ውጤት መስሎኝ ደነገጥኩ። ሌላ ትቀርጪያለሻ።»

«አዎ» አልኩት።

ደምለው ክፉ ሰው አይደለም። ሳልለምነው የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ጭኖ እስከ ምሳ ሰዓት ዲስኩን አሰሰ። የተገኘው የሌላ ኮምፒውተር ቁርጥራጭ ነበር፤ በላዩ ላይ ተጽፎበታል። ምሳ ሊበላ ሲወጣ ስልኬን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁና ያለኝን አንድ ቅጂ በትልቁ ስክሪን ከፈትኩ።

ጨለማው ንጹሕ ነበር። ነጠብጣብ የለበትም። ግድግዳው እንደተቀባ ግድግዳ ለስላሳ ነው። እንየው ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ክንዱ ወደ ኋላ ተዘርግቷል። መብራቱ በእጁ ነው።

እጁ አይንቀሳቀስም።

መልሼ አየሁ። ሴቲቱ ዓይንህ ይጠፋል ትለዋለች። እሱ ይመልሳል። ቤቱ ይስቃል። ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ ትንሽ የተቆጣ፣ «አታወዛውዘው፣ ዝም ብለህ ያዘው» ይላል። ማንም ምንም አያወዛውዝም። ጥላው እንኳ ግድግዳው ላይ ተሰፍቶ ቀርቷል። «ይዣለሁ እኮ» ይላል እንየው፤ ይዟል። ድምፄን ለሚሰማ ሰው ያለምክንያት የምነዘንዝ ሴት ነኝ።

ኢንኮደሩ አልተሳሳተም። ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ወዲያው የሚመለስ ነገር ይተው ተብሎ ነበር፤ ተወው።

አቶ አግማስ ሲገቡ አልሰማኋቸውም። ከኋላዬ ቆመው እስኪያልቅ አዩ። እንየውን በሕይወቱ አያውቁትም፤ ቢያውቁትም ጀርባው ነው የሚታየው።

«የእኛው ኢንኮደር ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«የት ደርሰሻል በይ! ይሄ እኮ የጨለማ ቀረፃ አይመስልም። መብራት ያዡም ጎበዝ ነው፤ እጁን ተመልከቺው፣ እንደ ምሰሶ። ይህንኑ ለኩታበር መምህራን በማሳያነት እንልከዋለን።»

«ይህን አንልከውም» አልኳቸው።

«ለምን?»

«የሰው ቤት ነው።»

«ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» ብለው ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ማድረግ የሚቻለውን አደረግኩ፤ የተተወውን መመለስ እንደማይቻል ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው አልነበረም። ደንቡን ከኢንኮደሩ አወጣሁት። ለሚቀጥለው ቪዲዮ ይጠቅማል፤ ለተተወው አይጠቅምም። ፋይሉን ከፍቼ እጁ ያለበትን አራት ማዕዘን ከፎቶ ፎቶ ተከታተልኩ። የተጻፈው ሁሉ «እንደ በፊቱ» የሚል ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብራቱን ወደ ላይ ፈቀቅ አድርጎ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ሳቁ ከመድረሱ በፊት እንዲበረታ አድርጌ አየሁት፤ ከሳቁ በኋላ አድርጌ አየሁት። እንዳዘዝኩት ሆነ። የእኔ ነበር እንጂ የእሱ አልነበረም። አጠፋሁት።

ወይዘሮ ሸፊቃን ሱቃቸው በር ላይ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ያ ነገር ጠቀመሽ?» አሉኝ።

«ጠቀመኝ፣ እትዬ ሸፊቃ።»

«ማሻአላህ። እኔም ካቃጠልኩት ወዲህ እንቅልፌ ተመለሰ።»

ትምህርቶቹ አሁን ኩታበር ይደርሳሉ። ደንቡን መልሼ አስገባሁት፤ ያለ እሱ ፋይሎቹ አይላኩም። መምህራኑ ምስሉ ንጹሕ ነው ብለው ምስጋና ልከዋል። አቶ አግማስ ሥራው በኮሌጁ መጽሔት ላይ እንዲወጣ ጠይቀውኝ ነበር፤ እስካሁን አልጻፍኩትም። ጠዋት ሰርቪስ እይዛለሁ፤ ሐረጎ ላይ ጉሙ ከኋላችን ይቀራል፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቤን አወልቃለሁ።

ቁራጩ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ነጭ ሸሚዙ አለ። አንገቱ፣ የጉንጩ ጠርዝ አለ። የሴቶቹ ሳቅና የእኔ ድምፅ አለ። የእሱም ሳቅ አለ። የእጁ መንቀጥቀጥ የለም።